ምክንያት፦ ለመዝናናት

ምንዳዬ ተላላኪ ነው። መቱ ከተማ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደብዳቤ ተሸክሟል። የጎሬን ዳገት፣ የሁሩሙን ገበያ፣ መኪና የማይደፍረውን የዳሪሙን ጫካ እግሩ ያውቀዋል። ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ቢሆንም የደብዳቤ አድራሻ አይስትም፤ ንቀትንም ማንበብ ይችላል። ንቀት ለማንበብ ደግሞ ትምህርት ቤት መሄድ አያስፈልግም፤ ተላላኪ መሆን ይበቃል።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት ሲጋመስ፣ ሶደሬ ሄደው ለአንድ ሳምንት የሚያርፉ ሠራተኞች ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። የምንዳዬ ስም ዘጠነኛው ነበር። በማግስቱ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ የሂሳብ ሹሙ ሚስት ወንድም ገባበት። ምንዳዬ ገብቶ ጠየቀ። ሂሳብ ሹሙ ከወረቀቱ ቀና እንኳ አላለም።

«አንተ ደግሞ፣ ዓመቱን ሙሉ ሽርሽር ላይ አይደለህ እንዴ? ዛሬ ጎሬ፣ ነገ ሁሩሙ፣ ከነገ ወዲያ ዳሪሙ! ወንበር ላይ ደርቀን የቀረነው እኛ ነን።»

ቢሮው በሳቅ ተናጋ። ሻይ አፍይዋ ሳትቀር ሳቀች፤ እሷን እንኳ ማን ሰው ብሎ ቆጥሯት!

ምንዳዬ አልተሳደበም። ያቺን ሳቅ እንደ ደብዳቤ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተታት። እዚያ ኪስ ውስጥ ብዙ ተቀምጧል። የሁሉም ታላቅ አሥራ አራት ዓመት የሞላት ስድብ ናት፤ የሚስቱ የሸዋርካብሽ እህት ዘውደነሽ፣ ጎሬ ላይ በሠርጋቸው ማግስት፣ መልስ ተጠርተው በሰው ፊት የተናገረቻት። «በእግሩ ሄዶ በእግሩ የሚመለስ ሰው፣ አንቺን የት ሊያደርስሽ ነው?»

እውነትም የትም አላደረሳት። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ሸዋርካብሽ ከመቱ የወጣችው ስድስት ጊዜ ነው። ስድስቱንም ጊዜ ለለቅሶ፤ ስድስቱንም ጊዜ እያለቀሰች።

ያን ዕለት ከሥራ ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ፣ «ሸዋዬ፣ ልንዝናና ነው» አላት።

«ምን ልንሆን?»

«ልንዝናና። ሶር ፏፏቴን ሄደን እናያለን። ቅዳሜ ወጥተን ሰኞ እንገባለን። አንቺና እኔ፣ ሌላ ማንም የለም።»

ግንባሩን ዳበሰችው። ትኩሳት የለውም።

«በምናችን?» አለች።

ምንዳዬ ግን መንገድ ላይ ሲመጣ ሁሉን አስቦት ነበር። መጓጓዣው እግር ነው፤ ነዳጅ አይጠጣም። ማደሪያው በቾ አጠገብ አብደታ የሚባል ንብ አርቢ ቤት ነው፤ አንድ ክረምት ምንዳዬ የሞላ ወንዝ ተሻግሮ ደብዳቤውን ስላደረሰለት «ማነ ኬቲ፣ ቤትህ ነው» ብሎታል። ሁዳዴ መሆኑም በጀ፤ በሶና ቆሎ ከያዙ ማን ሥጋ ያምረዋል? ለአብደታ ሚስት ጨውና አንድ ሳሙና ይወሰዳል። ለሸዋርካብሽ ኮንጎ ጫማ ይገዛል፤ የጫካው ቁልቁለት በነጠላ ጫማ አይወረድም። ለጫማው ሲል ሲጋራ ተወ። በሁለተኛው ሳምንት ጫማው ተገዛ።

«ሶደሬ የሚሄዱት በመንግሥት መኪና፣ በመንግሥት አበል» አላት ጫማውን ሲያስለካት። «እኛ በገዛ እግራችን፣ በገዛ በሶአችን። ማነው ጌታ?»

ሸዋርካብሽ ጫማውን ቶሎ አላወለቀችውም።

የቀረው የቀበሌ መሸኛ ነበር። በዚያ ዘመን ያለ መሸኛ ከከተማ መውጣት ወንጀል ነው፤ ኬላው ላይ «ወረቀት!» ይባላል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ደርበው ነው። ደርበውና ምንዳዬ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተምረዋል፤ ሂሳብ ከምንዳዬ እየቀዳ አራተኛ ክፍልን ያለፈ ደርበው፣ ዛሬ ማኅተም ይመታል።

«ምክንያት?» አለ ደርበው ቅጹን ስቦ።

«ለመዝናናት።»

እስክሪብቶው ቆመ። «ጓድ ምንዳዬ፣ ይሄ ቀበሌ ነው።»

«ለዚህ ነው የመጣሁት፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«እንዲህ የሚባል ምክንያት የለንም። ለቅሶ አለ፣ ሕክምና አለ፣ የመንግሥት ሥራ አለ። ጸበል እንኳ ቀርቷል፤ ሕክምና እያልን ነው የምንጽፈው።»

«ሶደሬ ለሚሄዱት ምን ተብሎ ተጻፈ?»

«የላብ አደሩን ጉልበት ለማደስ።»

«የኔስ ላብ አይደለም? ውሃ ነው?»

ደርበው ሳቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ የኔ ወንድም፣ ለቅሶ በልና ልምታልህ። ማን ያየናል?»

«ማንን ልግደልልህ?»

«ኧረ ሰው አይጠፋም! አክስት፣ አጎት...»

«የሞቱት ዘመዶቼ አንዴ ሞተዋል። ያሉትን ደግሞ በአፌ አልገድልም። ‹ለመዝናናት› ብለህ ጻፍ።»

«አልጽፍም።»

«እኔም አልዋሽም» ብሎ ወጣ።

ቤቱ ገብቶ የሆነውን ነገራት። ዓርብ ከሥራ ሲመለስ ሸዋርካብሽ፣ «ወረቀቱን ሰጡኝ» ብላ መቀነቷን መታ መታ አደረገች። «ለአንተ እምቢ ያሉትን ለሴት ያዝናሉ።» ምንዳዬ ደርበው የተሸነፈ መሰለው። ከደስታው ብዛት አውጪና ላንብበው አላለም። ደብዳቤ ሲያመላልስ የኖረ ሰው፣ የገዛ ደብዳቤውን ሳያነብ አደረ።

ቅዳሜ ጠዋት በሶው ተቋጥሮ፣ በሩ ሊዘጋ ሲል፣ ከአጥሩ ውጭ ጩኸት ተሰማ።

«ወይኔ ሸዋዬ! ወይኔ አክስቴን!»

ሠላሳ ያህል ሰው በር ላይ ቆሟል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ ከዘራ ይዘዋል። ከፊት የእድሩ የሴቶች ሰብሳቢ እትዬ አስካለማርያም ደረታቸውን እየመቱ ነው። ከኋላ ደርበው ቆሟል፤ እሱ የእድሩም ጸሐፊ ነው። በዚያ ሰፈር ለቅሶ የግል ዕቃ አይደለም። ወረቀቱን የጻፈው ሰው መርዶውን ለእድሩ ካልተናገረ ራሱ ይቀጣል።

«ብቻችሁን አንልካችሁም!» አሉ እትዬ አስካለማርያም። «እንደ ደንባችን ስምንት ሰው እስከ በቾ ይሸኛችኋል። ንፍሮውም ተቀቅሏል። አይዞህ ልጄ፣ አልቅስ፣ ይውጣልህ!»

ምንዳዬ ወደ ሚስቱ ዞረ። ሸዋርካብሽ መሬት መሬት ታያለች። ያን ጊዜ ገባው። እጁን ዘረጋላት፤ ወረቀቱን ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችው። «ምክንያት፦ ለአክስት ለቅሶ።»

«ትንሽ አልቅስ» አለች በጆሮው። «በቾ ስንደርስ ተቀብራለች እንላቸዋለን። ከዚያ ይመለሱልናል።»

ቀላል ነበር። ፊትን በጋቢ ሸፍኖ «ወይኔ» ማለት ማን ያቅተዋል? ምንዳዬ ግን ሚስቱን አየ። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ አዲሱን ኮንጎ ጫማ ከጀርባዋ ደብቃለች፤ ለቀስተኛ አዲስ ጫማ አያደርግማ። ሰባተኛዋን ጉዞም እያለቀሰች ልትወጣ ነው።

«የሞተ ሰው የለም» አለ።

የእትዬ አስካለማርያም እጅ ደረታቸው ላይ ሳያርፍ ቀረ። «ምን አልክ?»

«ይማሩኝ እትዬ። አክስትም አልሞተ፣ አጎትም አልሞተ። እኔና ሸዋርካብሽ ሶር ፏፏቴን ልናይ ነው። ልንዝናና ነው።»

«በሁዳዴ?!»

«በሁዳዴ። የያዝነው በሶ ነው፤ ሥጋ የለበትም።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ተቆጣ። «ወፍጮዬን ዘግቼ መጥቼ!» «ንፍሮውን ማን ሊበላው ነው?» ደርበው ሰውን እየገፋ መጣ።

«በሐሰት የተወሰደ ወረቀት ነው! አምጣ!»

«እንካ» አለ ምንዳዬ። «መጀመሪያም ይሄን አልጠየቅኩህም። ‹ለመዝናናት› ብለህ ጽፈህ አምጣ፣ እወስዳለሁ።»

«ያለ ወረቀት ኬላውን እንዴት እንደምታልፍ አያለሁ!»

«ኬላ የሚያልፍ መኪና ነው፣ ደርበው። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በእግሬ ነው የሄድኩት። በየት በኩል እንደሚኬድ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ ዝንጀሮ ብቻ ነው።»

«ከነገው የቀበሌ ስብሰባ ብትቀር የሦስት ወር የስኳር ራሽን የለህም!»

«መራራውን ለምደነዋል።»

ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። ደርበውን ያልፈራው ሰው የእሷን መልስ ፈራ። «ትመጪያለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ?»

ሸዋርካብሽ ሠላሳውን ሰው አየች። ነጠላዋን አውርዳ ጥለቱን ወደ ታች መልሳ ለበሰች። ደፉ ላይ ቁጭ ብላ አዲሱን ጫማ፣ አንዱን፣ ቀጥሎም ሌላውን፣ ሳትቸኩል አጠለቀች። ከዚያ ተነሥታ ስንቁን አነሣች።

አንድ ሰዓት ያህል ግን ከኋላው እየተነጫነጨች ሄደች። ቡናው አብቦ ጫካው ነጭ ሆኗል፤ ጉሬዛው ከዛፍ ዛፍ ይወረወራል፤ እሷ ምኑንም አላየችም።

«አዋረድከኝ» አለች በመጨረሻ። «ነገ የኔ ሰው ሲሞት ማን ይመጣልኛል?»

«ይመጣሉ። ንፍሮ ይወዳሉ።»

«አትቀልድ!»

«አልቀልድም። እኔ አፈርኩ እንጂ አንቺ ምን አደረግሽ? ከለቅሶ በቀር መውጫ በር ያላሳየሁሽ እኔ ነኝ።»

ይህን ስትሰማ እርምጃዋን አፈጠነች፤ ከኋላ ሆና ስትነጫነጭ የመጣችው ሴት፣ ከጎኑ ሆነች።

አብደታ ከሩቅ አይቷቸው ከቀፎው ሥር እየሮጠ መጣ። ሰው ባልና ሚስት ሆኖ በዚያ ጫካ የሚመጣው ለመርዶ ነው። «ኤኙ ዱኤ? ማን ሞተ?»

«ማንም። ቢሻን ኢላሉፍ ነው የመጣነው» አለው ምንዳዬ።

«ውሃ ለማየት?» አብደታ ሚስቱን ጠርቶ አሰማት፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «እኛ ለመቅዳት እንወርዳለን፤ እናንተ ለማየት! በሉ ግቡ፣ ማር አለ።» ምንዳዬ በሳቅ ያልተቀየመው ያን ቀን ብቻ ነው።

እሁድ ጠዋት፣ መቱ ውስጥ በስብሰባው ስም እየተጠራ ሳለ፣ እነሱ ቁልቁለቱን በሐረግ እየተንጠላጠሉ ወረዱ። ድምፁ ቀድሞ መጣ፤ ከዚያ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ጫካው ተከፈተና ውሃው ከሰማይ ጫፍ እንደ ተፈታ መቀነት ወደ ታች ተለቀቀ። ፍንጣቂው እስካሉበት ደረሰ። የሸዋርካብሽ ቀሚስ ራሰ፣ ፊቷ ራሰ። ድንጋይ ላይ ቆማ አፏን ከፍታ ስትጮህ ያያታል፤ ድምፅዋን ግን ውሃው ይውጠዋል።

ተጠግቶ፣ «ምን ትያለሽ?» አለ ጆሮዋ ሥር።

«ዘውደነሽን እየጠራኋት ነው!»

«ለምን?»

«የት እንዳደረስከኝ ትይ!»

ምንዳዬ ፊቱን አዞረ። ጉንጩ ላይ ያለው ፍንጣቂ ነበር፤ ካልሆነም ማንም አይለየውም።

በሳምንቱ እሁድ ዋጋው ተጠየቀ። እድሩ ለሚመጡት ሁለት ለቅሶዎች ድንኳኑን ብቻውን እንዲተክል ፈረደበት፤ ተቀበለ። በቀበሌው አዳራሽ ደግሞ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ተነሥ ተባለ።

«ጓድ ምንዳዬ» አለ ደርበው፣ «ባለፈው እሁድ ከስብሰባ የቀረህበትን ምክንያት ለቤቱ አስረዳ።»

«ለመዝናናት።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ልጅ እግር ጸሐፊ ደርበውን አየው።

«‹በግል ጉዳይ› ብለህ ጻፍ» አለው ደርበው።

«የለም!» አለ ምንዳዬ። «ግለ ሂስ ያደረገ ሰው ቃሉ እንዳለ ይጻፋል፣ ይነበብለታል፣ ይፈርማል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ይለጠፋል። ደንቡን ያነበብክልን አንተ ነህ። አንድ ፊደል ቢጎድል አልፈርምም።»

ደርበው አንገቱ ሥር ቀላ። ቤቱ ሁሉ ደንቡን ያውቃል። «ጻፍ» አለ።

ተጻፈ፤ ተነበበ፤ ምንዳዬም ፈረመ። ማኅተሙ ጠረጴዛውን ሲመታ እትዬ አስካለማርያም ከመሃል ተነሡ። «አንድ ነገር ልጠይቅ። ውሃው እውነት ያን ያህል ያምራል?»

«ይሄዳሉ እንዴ፣ እትዬ?»

«ቆይ፣ ሁዳዴ ይፈታ!»

ሰኞ ምንዳዬ ሚስቱን ይዞ ከቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆመ። ሸዋርካብሽ በመሠረተ ትምህርት የቆጠረችውን ፊደል በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «ምክንያት... ለመዝናናት። ቅጣት... የሦስት ወር ስኳር።» ስሙ አልተሰረዘም። ቀይ እስክሪብቶ አልነካውም።

«ይሄ ግልባጭ የለውም?» አለችው።

«ለማን?»

«ጎሬ ላለችው እህቴ።»

ምንዳዬ ከደረት ኪሱ እርሳስና ወረቀት አወጣና ግድግዳውን ተደግፎ፣ ማኅተሙን ሳይቀር ክብ አድርጎ እየሳለ፣ ይገለብጥ ጀመር። ለማክሰኞ የጎሬ ደብዳቤ ነበረው፤ በእግሩ ሄዶ ያደርሰዋል።