ጥግ አልይዝ ያለው ሞገድ

ከዚህ በታች አንዲት ፊደል ውሸት ብትገኝ ካቻቪቴዬ እጄ ላይ ይቅለጥ። እኔ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ክፍል የማቀዝቀዣ ኃላፊ ነኝ። አንዳንዶች «ጠጋኙ» ይሉኛል፤ ቅናት ነው። እኔ ባልኖር እዚያ የተደረደሩት አርባ ሺህ ኮምፒውተሮች እንደ ቅቤ ቀልጠው በበሩ ስር በፈሰሱ ነበር።

የእህቴ ልጅ የዶክትሬት ጥናቷን የምትሠራው እዚያው ነው። በእጄ ነው ያደገችው። መደመርን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ የቀረውን ራሷ ጨመረችበት።

ጥናቷን ባጭሩ ላስረዳችሁ፤ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለምና። ፌርሚዮን የሚባሉ የቁስ ቅንጣቶች አሉ። እሷ በኮምፒውተር ውስጥ መረብ ትዘረጋለች፤ የመረቡ አንዱ አቅጣጫ ጊዜ ነው፣ እሱም እንደ ቀለበት የተገጠመ። ቀለበቱ ባጠረ ቁጥር ዓለሟ ይሞቃል። ሲቀዘቅዝ የቅንጣቶቹ ሞገዶች መረቡን ሁሉ ያጥለቀልቁታል። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ግን ጉልበታቸው ዝቅ ያለ ሞገዶች አንዳንድ ጥግ ይይዙና ንቅንቅ አይሉም። እሷ የምታጠናው ይህንን ጥግ መያዝ ነው።

ያን ቀን ሞገዶቹ ጥግ አንይዝም አሉ። ሙቀቱን ብትጨምር፣ ደግማ ብትጨምር፣ መረቡን ሞልተው ይንሸራሸራሉ። አማካሪዋ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትጠብቃታለች። ስህተቱ እስከዚያ ካልተገኘ የአራት ዓመት ድካሟ ለፈታኞች አይቀርብም፤ ሌላ አንድ ዓመት ይጨመርባታል።

ኮምፒውተር ክፍሉ ስገባ ፊቷ ልክ እንደ አመድ ሆኗል።

«ምን ሆንሽብኝ የኔ እናት?»

«ሙቀቱ ነው አጎቴ። ምንም ባደርግ እምቢ አለኝ።»

«ታዲያ ይሄም ያስጨንቃል? በአንድ ቁልፍ አወርድልሻለሁ!»

«የኔ ሙቀት በሺህ ቢሊዮን ዲግሪ ነው የሚቆጠረው። በአንተ ቁልፍ አይወርድም።»

«ቁልፌን አታውቂውማ!»

ይህን ከመናገሬ ማቀዝቀዣው ጸጥ አለ። ክፍሉ ጋለ። የእስክሪብቶዋ ቀለም ሲንተከተክ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በግራ እጄ ቧንቧውን፣ በቀኝ እጄ ሞተሩን፣ በጉልበቴ ደግሞ በሩን ይዤ እንኳ አእምሮዬ ሥራ አልፈታም።

«ስሚ አንቺ ልጅ» አልኳት። «እዚህ ቧንቧ ውስጥ ያለው ውሃ ቀዝቅዞ ይሄዳል፣ ዞሮ ሲመለስ ሞቆ ይመጣል። ያንቺ ቅንጣትስ ያንን የጊዜ ቀለበት ዞሮ ሲመጣ እንደሄደ ነው እንዴ የሚመለሰው?»

ክው አለች። ለካስ ፌርሚዮን ቀለበቱን አንዴ ዞሮ ሲመጣ ምልክቱ መገልበጥ አለበት፤ ፕላሱ ማይነስ ይሆናል። እሷ ፕሮግራሙን ስትጽፍ ቀለበቱ የሚገጥምበት ቦታ ላይ ያቺን ማይነስ ዘልላታለች። በአንዲት ጭረት አራት ዓመት ገደል ሊገባ!

ምልክቷን አስገብታ ፕሮግራሙን በትንሽ መረብ ላይ እንደገና አሠራች። ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይፈጅ ሞገዶቹ፣ መምህር እንደገባባቸው ተማሪዎች፣ በየጥጋቸው ቁጭ ቁጭ አሉ። አማካሪዋ የሞገዶቹን ሥዕል ወረቀት ላይ አይታ «ለፈታኞች ይሂድ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ እጄን ሦስት ጊዜ ጨበጠችኝ። አጎንብሳለች ብል ታምኑኛላችሁ? አጎንብሳለች።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለእህቴ ልጅ አነበብኩላት። አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ወንበሯን አስጠጋች፣ የተጣመመ ኮሌታዬን አቃናችልኝ፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

«አጎቴ፣ ያን ቀን እኮ ማቀዝቀዣው አልተበላሸም። አንተም ፈቃድ ላይ ነበርክ። ምልክቷ ትዝ ያለችኝ ጠዋት ቤት ውስጥ ጥርሴን ስቦርሽ ነው፤ እዚያው ሆኜ አስተካከልኳት። አንተ የመጣኸው ብቻዬን እንዳልሄድ ብለህ ነው። ሥዕሉ ያለበት ወረቀት እንዳይታጠፍብኝ በሁለት እጅህ ይዘህ እስከ አማካሪዬ በር ድረስ ሸኘኸኝ። 'ይሂድ' ተብዬ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆመህ ታለቅስ ነበር። ከአፍህ አንዲት ቃል እንኳ አልወጣችም።»