ከረጢቱ ጉልበቴ ላይ ነበር

ከረጢቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። እጄን ይስበረው! ከክለባችን ባንዲራ የተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ ነበረኝ፤ ገበር አስገብቼ፣ አፉን በገመድ የሚሰበሰብ አድርጌ፣ በአንድ ከሰዓት ጨረስኩት። ጋሽ ፊሽካ አገላብጦ አየውና «አንተ ሰፊ፣ ሱሪ ቢሆን እኮ ሁለት ሳምንት ታመላልሰን ነበር» ብሎ ሳቀብኝ።

ፊሽካ ያልነው ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ሲያፏጭ ዳኛው ሳይቀር ዞር ስለሚል ነው። የደጋፊው ሁሉ አባት ነበር። ከልጁ የተጣላ፣ ሥራ ያጣ፣ የሚያማክረው እሱን ነው።

የከረጢቱ ነገር የመጣው በእኔ ጦስ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ለዜሮ እየመራን፣ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ስልኬ ጮኸ። አነሳሁ። ገና «ሄሎ» ከማለቴ ጎል ገባብን። ጋሽ ፊሽካ ሊበላኝ ደረሰ። «አንተ ገደ ቢስ! ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደረጃ ላይ ስልክ የሚባል ነገር እንዳላይ!» አለ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ሲጀመር እሱ፣ ጎሚስታው፣ ፀጉር አስተካካዩና እኔ ስልካችንን ከረጢቱ ውስጥ እንከታለን። ከረጢቱ እሱ ጉልበት ላይ ይቀመጣል፤ ጨዋታው እስኪያልቅ ማንም አይነካውም። የሚስቅብን ይሳቅ፣ ገዳችን ነበር።

የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ጨዋታ ባለበት ቀን፣ ጠዋት ጋሽ ፊሽካ ሱቄ መጣ። ፊቱ ወዝ አልነበረውም። «ደረቴን ትንሽ ያዝ አድርጎኛል፤ ዛሬ እቤቴ ሆኜ በራዲዮ ልከታተለው» አለና ከረጢቱን የስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጠው። «አደራ፣ እንዳትከፍተው።»

«ምን ቆርጦኝ!» አልኩት።

ከእረፍት መልስ ጎል አገባን። ትንሽ ቆይቶ ከረጢቱ ጉልበቴ ላይ መንዘር ጀመረ። ሚስቴ ናት ብዬ ዝም አልኩ። ቆመ። ደግሞ ጀመረ። ደግሞ። በሁለት ጉልበቴ ጨፍልቄ ያዝኩት። ጎሚስታው «ምን ያንቀጠቅጥሃል?» ቢለኝ «ብርድ ነው» አልኩት። በዚያ ፀሐይ! ጎል እንዳይገባብን ስል የሰው ነፍስ በጉልበቴ ጨፍልቄ እንደያዝኩ በምን ልወቅ?

አሸነፍን፤ ጨፈርን። ስልኬን ሳወጣ ጋሽ ፊሽካ አራት ጊዜ ደውሏል። ደስታውን ሊነግረኝ ነው ብዬ እየሳቅኩ ደወልኩለት። አያነሳም። ቤቱ ስንደርስ ጎረቤቶቹ በሩን ሰብረው ገብተዋል። ከበሩ ሥር ነው ያገኙት፤ ራዲዮኑ አሁንም ያወራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። ቀብሩ ላይ እንደ ሰው አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ሥራ አልሆነልኝም፤ የግራውን እጅጌ በቀኝ ሰፍቼ የሁለት ሰው ኮት አበላሽቻለሁ።

ዛሬ እሱ ከሞተ ወዲህ በሜዳችን የመጀመሪያው ጨዋታ ነው። እሱ የሚቀመጥበት ላይ ማሊያውን ዘረጋንለት። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት አንዲት ሴት በሕዝቡ መሐል እየተጋፋች መጣች። አንድያ ልጁ ናት፣ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራዋ። ሜዳ ገብታ አታውቅም። የአባቷን ስልክ ይዛለች።

«ያን ቀን የደወለው ይኸውና» አለች፤ ቆም እያለች አነበበችው። «ለልብስ ሰፊው አራት ጊዜ። ለጎሚስታው ሦስት። ለፀጉር አስተካካዩ ሦስት።»

ክው አልኩ። ጎሚስታውን አየሁት፤ ዓይኑን ሰበረ። ፀጉር አስተካካዩ ከንፈሩን ነከሰ። ለካ ሦስታችንም ለየብቻ ሆዳችን ውስጥ ቀብረነው ኖሯል!

«ድምፁ ጠፍቶ ነበር ልጄ፣ አልሰማንም» አላት ፀጉር አስተካካዩ።

«ለእኔ አልደወለም» አለች፣ እንዳልሰማችው ሁሉ። «እናቴ የሞተች ቀን ዘጠኝ ጊዜ ደወልኩለት። እዚህ ነበር። ስልኬ ከረጢት ውስጥ ነበር አለኝ። ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ አልኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ አልደወለም። እየሞተ እንኳን ቃሌን አከበረ።»

ለእኛ ግን «ሚስቴ እጇን ይዤ ነው ያረፈችው» ብሎን ነበር። ያን ቀን አሸንፈን ስልኩን ካየ በኋላ ሳይሰናበተን እንደወጣ ትዝ አለኝ። በሳምንቱ ግን ከረጢቱን ይዞ መጣ። ቢጥለው ጥፋቱን ማመን ስለሚሆንበት ይሆናል፤ እንጃ።

ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ያን ቀን ጠዋት እርስዎ ጋ መጥቶ ነበር አሉኝ። ስለ እኔ ያለው ነገር የለም? አንድ ቃል? እባክዎን።»

አንድ ቃል! «ልጄን አደራ ብሎኛል» ብላት ማን ይመሰክርብኛል? አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዓይኗን ሳየው ግን ይህቺን ልጅ ሁለተኛ ልበድላት አልቻልኩም።

«እንዳትከፍተው ነው ያለኝ» አልኳት። «ሌላ ምንም አላለም። ድምፁ ቢጠፋም አልሰማሁም አልልሽም ልጄ። ከረጢቱ እኔ ጉልበት ላይ ነበር፤ ሲነዝር ይሰማኝ ነበር። እየመራን ስለነበር ጨፍልቄ ያዝኩት። አፈር ልብላ!»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ደስም ባለኝ። እሷ ግን ማሊያውን አንስታ እሱ ቦታ ላይ ቁጭ አለች። መሄጃ ያጣች ትመስል ነበር።

ጨዋታው ተጀመረ። ከረጢቱ ባዶውን መሐላችን ወድቋል፤ ስልኩን የሚከትበት ሰው የለም። አንድ አገባን፤ የጨፈረ የለም። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኪሴ ነዘረ። እንዴት እንዳወጣሁት አላውቅም።

«አቤት! አቤት! የት ነህ? መጣሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ሚስቴ ናት። «ምን ሆነሃል አንተ ሰው? የቤቱን ቁልፍ ይዘኸው ሄድክ?»

ያኔ ጎል ገባብን። ሜዳው በሙሉ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ገደ ቢስ ብሎ የሚሰድበኝ አጣሁ።

«ማን ነው?» አለችኝ ልጅቷ፤ ግማሽ ብድግ ብላለች።

«ሚስቴ ናት። ቁልፍ አጥታ ደጅ ቆማለች።»

ተመልሳ ተቀመጠች። «እንኳን አነሱላት» አለችና ማሊያውን ፊቷ ላይ ደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።