ልያዝ ወይስ ልልቀቅ

፩.

ጣሉን። እንደገና ጣሉን።

«ልልቀቀው?»

«እሺ።»

«ወይስ ልያዘው?»

«እሺ።»

ጣሉን።

፪.

ከመሀል ስለጀመርኩ አትቆጣኝ፣ አንባቢ። መጀመሪያው አያምርም። ልሳነወርቅ ባሌ ነው፤ አዳማ ውስጥ የታወቀ የቤት ደላላ። በአፉ ስንቱን ቤት አሻሽጧል። ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ። ከዚያ ሁሉ ወሬ የተረፈችው አንዲት ቃል ናት።

እሺ።

ስሙ ልሳነወርቅ መሆኑን ሳስበው አንዳንዴ ሳቄ ይመጣል። ከዚያ እናደዳለሁ።

፫.

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» ያለው ሰው የእኔን ባል አላየም። ውሃ ትፈልጋለህ? እሺ። አትፈልግም? እሺ። ድሮም የደላላ እሺ አይታመንም፤ «ነገ እንገናኝ» ሲሉት እሺ ብሎ የጠፋባቸው ሰዎች እስከ ዛሬ ይረግሙታል። ያኔ ግን እኔ ዓይኑን አይቼ አውቅበት ነበር። አሁን ዓይኑም እሺ ይላል።

፬.

«ጣቱን የሚያሠራ ነገር ስጡት» አለች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ። ሰፈራችን ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ሲዘጋ አንዱን ከነዲስኩ ገዛሁ። ጨዋታው ግን እኛ የምናውቀው ኳስ አይደለም። የአሜሪካኖቹ ነው፤ «ፉትቦል» እያሉት ሞላላውን ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡት። ልመልሰው ስል ልሳነወርቅ ጆይስቲኩን በግራ እጁ ይዞ አልለቅ አለኝ። እሱ በግራ አውራ ጣቱ ያስሮጣል፤ እኔ ተጣብቄው በቀኝ በኩል ያሉትን ቁልፎች እጫናለሁ።

፭.

ኦፕሽን የሚባለውን አጨዋወት ለመማር (ከዩቲዩብ የለቀምኩት)፦

ኳሱን ይዘህ ወደ ጎን ሩጥ። ጓደኛህ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ አብሮህ ይሮጣል። ከፊት የሚመጣውን አንዱን ተከላካይ ብቻ እይ። ወደ አንተ ከመጣ ኳሱን ለጓደኛህ ልቀቅለት። ወደ ጓደኛህ ከሄደ አንተው ይዘህ ሩጥ።

አትዘግይ።

(እኔ ሁልጊዜ እዘገያለሁ። ሩጫው የእሱ፣ ቁልፉ የእኔ፤ ውሳኔው የማን እንደሆነ ቪዲዮው ላይ አልተናገሩም።)

፮.

ዶክተሩ፦ አንገታቸው ላይ ያለው የደም ሥር ጠቧል። ካልተከፈተ ሌላ ስትሮክ ሊመጣ ይችላል።

እኔ፦ ቢከፈትስ?

ዶክተሩ፦ ሊድኑ ይችላሉ። ኦፕራሲዮኑ ላይ ሊያልፉም ይችላሉ፤ አልደብቅዎትም።

እኔ፦ እርስዎ ምን ይሉኛል?

ዶክተሩ፦ እሳቸውን እንጠይቃቸው። አቶ ልሳነወርቅ፣ ኦፕራሲዮኑ ይሠራ?

እሱ፦ እሺ።

ዶክተሩ፦ ይቅር?

እሱ፦ እሺ።

ዶክተሩ፦ ወይዘሮ የሺመቤት፣ ሰኞ አስበውበት ይምጡ። የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት።

፯.

ፈራሁ።

ላሳምረው ሞክሬ ነበር፤ ሌላ ቃል አጣሁለት።

፰.

ቅዳሜ ከሰዓት ጆሮዬን ተውኩትና ጣቱን ማየት ጀመርኩ። ኳሱን እንድይዝ ሲፈልግ አውራ ጣቱ ጆይስቲኩ ላይ ጠበቅ ይላል። እንድለቅ ሲፈልግ ብድግ ይላል፤ ላላስተዋለው አይታይም። ብድግ ሲል የመልቀቂያውን ቁልፍ ተጫንኩ። ጓደኛው ቀለበው። ማንም አልደረሰበትም፤ እስከ መጨረሻው መስመር ሮጠ።

«ጎል!» ብዬ ጮህኩ። ጎል እንደማይባል አውቃለሁ።

ልሳነወርቅ በግማሽ ፊቱ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ ባሌ አነጋገረኝ።

፱.

ሰኞ ጆይስቲኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ልሳነወርቅን ይዤ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ከቦርሳዬ ሳወጣው ዶክተሩ ያበድኩ ሳይመስለው አልቀረም። ልሳነወርቅን በግራ እጁ አስያዝኩት።

«ልሳኑ፣ ስለ ኦፕራሲዮኑ ነው። እሺህን ተዋት፣ በጣትህ ንገረኝ። ልያዝ ወይስ ልልቀቅ?»

«እሺ።»

ጣቱ ብድግ አለ። ደግሜ ጠየቅኩት።

ብድግ።

፲.

ልቀቂ ብሏል፤ እርግጠኛ ነኝ። ግን ምኑን? ኦፕራሲዮኑ ይቅር ማለቱ ነው? ወይስ እኔን ልቀቂኝና ለሐኪሙ ስጪኝ? ቸኩዬ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አስተካክዬ ልጠይቀው አፌን ስከፍት፣ ጆይስቲኩን ቀስ ብሎ ጭኔ ላይ አስቀመጠውና እጁን ሰበሰበ።

ለእኔ ነው የለቀቀው፤ ውሳኔውን።

ዶክተሩ እስክሪብቶውን ዘረጋልኝ። «ምን አሉ?»

፲፩.

«                    »