ወንበር ቁጥር ሁለት

1

ወንበር ቁጥር ሁለት አልገባም አለ።

ልኬለህ በወረንጦ ይዞ ቢያስገባው ይጋደማል፣ ቢያቃናው ይወድቃል። የቀሩት አሥሩ ግጥም ብለዋል። ሞዴሏ አውሮፕላን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ከአንድ ክንድ ትንሽ ትበልጣለች፤ ጣሪያዋ እንደ ድስት ክዳን ይነሣና ውስጧ ይታያል። ሰውየው ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የእውነተኛ አውሮፕላን ወንበር ሲሰፋ ኖሮ፣ ጣት የማታህል ወንበር አሸነፈችው።

«እጄ ነው» ይላል።

እጁ አይደለም።

11

ከአንድ ቀጥሎ አሥራ አንድ ስላያችሁ አታሚውን አትሳደቡ። ሁለትና አሥራ አንድ ቦታ ተለዋውጠዋል። ለምን እንደተለዋወጡ ልኬለህ ያውቃል፤ እናንተም ትደርሱበታላችሁ። ይህ ታሪክ የሚያልቀው በሁለት ነው።

3

የወንበር ቀበቶ ለመሥራት የድሮ ካሴት ፈልግ። ክሩን ምዘዝና በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቀው። መቆለፊያውን ከሲጋራ ብር ወረቀት ቁረጥ። ለወለሉ ምንጣፍ የጥቁር ሰሌዳ ዳስተር ይበቃል። ለመስኮት የራጅ ፊልም በበረኪና እጠብ፤ ምስሉ ይለቅና ጥርት ይልልሃል።

ልኬለህ ያጠበው የራሱን ራጅ ነው። የተሰበረው ዳሌው በረኪናው ውስጥ ቀስ እያለ ጠፋ። ሕመሙ ግን አለ።

4

የተረፈ መንገደኛ ቃል፣ ሰኔ 1974

ስም፦ ልኬለህ አበጋዝ
ሥራ፦ የአውሮፕላን ወንበር ሰፊ
ጉዳት፦ የዳሌ ስብራት (ከአውሮፕላኑ ውጭ ሣር ላይ ተገኘ)
በትኬቱ ላይ ያለው መቀመጫ፦ 2
የተቀመጠበት መቀመጫ፦ አላስታውስም

ውሸት።

5

አውሮፕላኗ የተከሰከሰችው በምዕራብ በኩል አንድ የሣር ሜዳ ላይ ስታርፍ ነው። ከኋላ የነበሩት አራቱ ተረፉ፣ የፊተኞቹ አለቁ። ከሟቾቹ አንዱ አቶ ገለታ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸው የተመዘገበው አሥራ አንድ ቁጥር ላይ፣ መጨረሻው ወንበር ነው፤ ሬሳቸው የተገኘው ከፊት ነው። መርማሪዎቹ «መንገደኛው በማረፊያ ሰዓት ቦታቸውን ለቀው ተነሥተዋል» ብለው ጻፉ።

አገሬው ደግሞ ጨመረበት። ሽማግሌው ደንግጦ ወደ ፊት ሲሮጥ ሚዛኗን አሳታት፣ ገለታ ነው የጣላት ተባለ። የሰው አፍ መቼ ያርፋል!

የቀሩት ሦስቱ ማን የት እንደተቀመጠ ልብ አላሉም፤ አንድ ሰው ብቻ «አልተነሡም» ማለት ይችል ነበር። ያ ሰው ሆስፒታል ተኝቶ ቅጽ ይሞላል።

6

(ዓርብ ጠዋት፤ እሱና ሚስቱ አልጣሽ።)

እሱ፦ ማን የአውሮፕላኗን ፎቶ ለጥፉ አላችሁ?

አልጣሽ፦ እኔን ምን ታፈጥብኛለህ? የእህቴ ልጅ ናት፤ ደስ አላትና ከአደጋው የተረፈው አጎቴ ሠራት ብላ ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። ሴትዮዋ አይታ ደወለች። የገለታ ልጅ ነኝ፣ አባቴ የተቀመጠበትን ማየት እፈልጋለሁ አለች። ነገ ትመጣለች።

እሱ፦ አሥራ አንድ ቁጥር ላይ ነበሩ በያት።

አልጣሽ፦ ልኬ።

እሱ፦ አቤት።

አልጣሽ፦ ይሄን ሁሉ ዓመት አብሬህ ስኖር ሰው ሲገባ ብድግ ስትል አላየሁም። ጳጳስ ቢመጣ እንኳ። ዳሌው ነው እያልኩ አሳብብልሃለሁ። ዳሌህ ነው?

7

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌውን ሠራቸው። አካላቸው የክብሪት እንጨት፣ ጋቢያቸው ፋሻ ነው። አሥራ አንድ ቁጥር ላይ ቢያጣብቃቸው ልጅየዋ አልቅሳ ትሄዳለች፤ የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም፤ እሱም በሰላም ይሞታል። ገለታም አውሮፕላን የጣለው ሰውዬ እንደሆኑ ይቀራሉ። ሁለት ቁጥር ላይ ቢያስቀምጣቸውስ? ወንበሩ አልገባም ብሏላ።

በእጁ እንደያዛቸው ማስቲሹ ደረቀ።

8

ሶሬቲ ገለታ መጣች። ስድሳ ሊሞላት ምንም አልቀራት። በመሥሪያ ክፍሉ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ነው፤ ልኬለህ ተቀምጦበታል። አልተነሣም።

ሞዴሏ ላይ ጎንበስ ብላ ብዙ አየች።

«እናቴ ገበያ መውጣት ትታ ነው የሞተችው፣ ጋሼ። 'ባልሽ ሰው ፈጀ' ይሏታል። የሰው አፍስ ይሁን፤ እኔ ራሴ፣ ልጁ፣ ምናለ አርፎ ቢቀመጥ እያልኩ ስረግመው ኖርኩ።» ትንሹን ሽማግሌ ከጠረጴዛው አነሣችው። «የቱ ጋ ነው የማስቀምጠው?»

9

ልኬለህ ወረንጦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

10

«ሰው ሁሉ ተሳፍሮ ካለቀ በኋላ ገቡ» አላት። «ከዘራቸውን ይዘው፣ ጎብጠው። እኔ ከፊት ነበርኩ። ብድግ አልኩና 'ኖር!' አልኳቸው። 'በእግዜር! ኧረ ተቀመጥ ልጄ' አሉኝ። 'በሞቴ! እስከ ኋላ ድረስ እንዴት ይሄዳሉ?' ብዬ ግድ አልኳቸው። መረቁኝ። ቀበቷቸውን የቆለፍኩላቸው እኔ ነኝ። ከዚያ እሳቸው ቦታ፣ አሥራ አንድ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ።»

በጣቱ የመጨረሻውን ወንበር ነካ።

«አባትዎ ንቅንቅ አላሉም። የተነሣሁት እኔ ነኝ። ሲጠይቁኝ ፈራሁ። ገደልካቸው የሚሉኝ መሰለኝ። ሰዉ እሳቸውን ሲያማም ዝም አልኩ።»

ኖር ማለት ኑር ማለት ነው። ሽማግሌውን ኑር ብሎ እሱ ኖረ። ከዚያ ወዲህ ቃሏ ከአፉ ወጥታ አታውቅም።

2

ሶሬቲ አላለቀሰችም። ወንበር ቁጥር ሁለትን አነሣች፣ ቦታው ላይ አደረገችና በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። ገባ። አባቷን አስቀመጠችበት። የካሴቱን ክር በወገቡ ላይ አሳልፋ፣ ብር ወረቀቷን አጠፈችለት።

ከዚያ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

ልኬለህ በሁለት እጁ ጠረጴዛውን ተደገፈ። ዳሌው ጮኸበት። ተነሣ። ወንበሩን ወደ እሷ ገፋ አድርጎላት ቆመ።

«ኖር!» አላት።

መልሱ አንድ ቃል ነው። ታውቁታላችሁ። ሶሬቲ ቀና ብላ አየችው።

«________________»