እስከ ጥግ የዞረ ቁልፍ

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በጀርመኗ ካሰል ከተማ የድምፅ ወዳጆች ማኅበር መጽሔት ላይ ሰው የሠራውን የድምፅ ዕቃ ስገመግም ኖሬአለሁ። ቮልክማር ምላሱ ሰይፍ ነው ይሉኛል። እኔም ስሰማው ደስ ይለኝ ነበር፤ አፌን በቆረጠው!

ኤክሃርት ከአሥራ ስድስት ዓመታችን ጀምሮ አንድ የራዲዮ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አብረን የተማርን ጓደኛዬ ነው። ጡረታ ሲወጣ ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሁለት መንትያ ሳጥኖች ሠራ፤ አንዷ ለራሱ፣ አንዷ ለእኔ መሞከሪያ። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ የብሉቱዝ መቀበያ ናት፤ ሙዚቃውን ከስልክ ትቀበልና ለስፒከሮቹ ትሰጣለች። ፊቷ ላይ ከእንጨት ፈልፍሎ ያወጣው ትልቅ የድምፅ ቁልፍ አለ፤ ሲያዞሩት ልስልስ ያለ።

"ገምግምልኝ፤ ግን እንዳታዝንልኝ" አለኝ። "አንተ ይሁን ካልክ ሌሎችም እሠራለሁ። አይሆንም ካልክ ግን በቃ፣ እጄን እሰበስባለሁ።"

ቅዳሜ ሰጠኝ፣ እሑድ መሞከር ጀመርኩ። እሑድ ደግሞ በእኛ ሕንፃ መዶሻ አይነሳም፤ ባዶ ጠርሙስ እንኳን አውጥቶ መጣል ነውር ነው። ሙዚቃው ገና ከመጀመሩ ከታች ያሉት ወይዘሮ ቲደማን በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ደበደቡት።

"አቶ ቮልክማር! ዛሬ እኮ እሑድ ነው!"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወይዘሮ ቲደማን!" ብዬ የስልኬን ድምፅ ከግማሽ በታች አወረድኩት።

ዋናው ፍተሻ ሰኞ ነበር። ቁምሳጥኔ ላይ በራሴ እጅ የጻፍኩት ወረቀት ተለጥፏል፦ መጀመሪያ ስልኩ እስከ ጫፍ፣ ከዚያ ቁልፉ። ስልኩ ከታፈነማ መቀበያው ድምፅ ከየት ያመጣል? ይህን ለስንቱ ጀማሪ ሰብኬአለሁ። ያን ቀን ግን ወረቀቱን ቀና ብዬ አላየሁትም። ቁልፉን እስከ ጥግ አዞርኩት፤ የሚሰማው ሰለል ያለ ድምፅ ነው።

ባለቤቴ ሃይድሩን ልብስ እያጠፈች፣ "ስልክህን አይተኸዋል?" አለችኝ።

"አንቺ ደግሞ! ሃያ ዓመት የሠራሁትን ልታስተምሪኝ ነው?"

"እሺ ጌታዬ፣ አልተነፍስም" አለችና ልብሷን ታቅፋ ወጣች።

ያንኑ ዕለት ጻፍኩት። "ቁልፉ እስከ ጥግ ዞሮ የሚሰማው ሹክሹክታ ነው። ሠሪው ዕቃውን ከማስተካከሉ በፊት ጆሮውን ቢያስመረምር ይሻላል።" የመጨረሻዋን ስጽፍ ብቻዬን ስቄአለሁ። እንዳታዝንልኝ ብሎኝ የለ!

ኤክሃርት አልተከራከረም። ደውሎ "አነበብኩት፤ አመሰግናለሁ" አለኝ፣ አለቀ። ሌላ ሳጥንም አልሠራም። በዚያው ሰሞን አርባ ዓመት ወፍራሙን ድምፅ ይዞ ሲዘምር ከኖረበት የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ቡድን ወጣ ሲሉ ሰማሁ። አኩርፏል አልኩ። ያኩርፋ! ልጅ ነው እንዴ? እሱም አልደወለ፣ እኔም አልደወልኩ፤ እንዲህ ሆነን ሦስት ዓመት።

ባለፈው እሑድ፣ ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የሳሎናችን ራዲዮ ተበላሸ። ሃይድሩን ምድር ቤት ወርዳ የኤክሃርትን ሳጥን አመጣች፤ አቧራዋን ጠርጋ ከራሷ ስልክ ጋር አገናኘቻት። ቁልፉን ሩብ ያህል እንኳን አላዞረችውም። የገና መዝሙሩ ሳሎኑን ሞላው፣ የቁምሳጥኑ ብርጭቆዎች ተንቀጫቀጩ። ጥርት ያለ፣ የሚያምር ድምፅ! ከታች መጥረጊያው ጣሪያውን ይደበድብ ጀመር።

"ቀንሺው" አልኳት። የድሮውን የፍተሻ ደብተሬን ፈልጌ ስገልጥ የራሴ ጽሕፈት አፈጠጠብኝ፦ እሑድ፣ ለቲደማን ሲባል ስልኩ ወርዷል። የሰኞው ገጽ ላይ ስልኩ መልሶ ከፍ ስለማለቱ አንዲት ቃል የለችም።

ሃይድሩን ደብተሩን አነበበችና ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ነግሬህ ነበር እንኳን አላለችኝም። ስልኬን አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

"አሁኑኑ ደውልለት።"

ኤክሃርት ወዲያው አነሳው። "ቮልክማር? ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?"

"ማንም አልሞተም። ስማኝማ፣ ሳጥንህ ግሩም ናት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያኔ ስልኬን ዝቅ አድርጌው ረስቼዋለሁ።"

ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ተሰማኝ።

"ስደበኝ እንጂ፣ ኤክሃርት!"

"እኔ ቤት ያለችው መንትያዋ ሁልጊዜ ድምፅዋ ሙሉ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ያንተን ካነበብኩ በኋላም ደጋግሜ አዳመጥኳት፤ ያው ሙሉ ነው። ቮልክማር ሹክሹክታ ያለውን እኔ ሙሉ አድርጌ ከሰማሁ፣ በቃ ጆሮዬ ድምፅ መለየት ትቷል አልኩ። መዘምራኑንም ዜማ እንዳላበላሽባቸው ብዬ ወጣሁ።"

"ሐኪም ጋ አልሄድክም?"

"ካንተ የበለጠ ሐኪም ከየት ላምጣ?"

እሱም ቀጠለ፣ ሕፃን እንደሚጠይቅ አድርጎ።

"ታዲያ ጆሮዬ ደህና ነበር ማለት ነው?"

"ደህና ነበር።"

"ሦስት ገና እኮ ነው" አለ። "የቤተ ክርስቲያኑ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ከንፈሬን እንኳን ሳላንቀሳቅስ።"

ቁጣ የለበትም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።