መርዶው ይቆይ

«ልጂቱ መቼ ትገባለች?»

የጠየቀው ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር የተቀመጠው፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ሰው ነው። ሸዋነሽ አታውቀውም። አጠገቡ ያሉትን ሁለቱንም አታውቃቸውም። እናቷ የተቀበረች ዕለት መጡ፤ በማግስቱም መጡ፤ ዛሬ በሣልስቱም ቀበሌያቸውን ቁሐር ሚካኤልን የዋጠውን የክረምት ውሃ እስከ ጉልበታቸው እየገቡ መጥተው ያችኑ ቦታ ያዙ። «ነፍስ ይማር» ይላሉ፣ የቀረበላቸውን ይቀምሳሉ፣ አያለቅሱም። ለቅሶ የደረሰን ሰው «ማን ነህ? የማን ወገን ነህ?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው። ሰዎቹም ነውሩን አውቀው ተከልለውበታል።

«እንጃ» አለች ሸዋነሽ። «አገሩ ሩቅ ነው፤ ውሃውም መንገድ አልሰጠ።»

«ለእናቷ ያልመጣች ለማን ልትመጣ ነው?» አለ ሰውየው በቀስታ። ድምፁ ቁጣ የለበትም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

ልጂቱ የሚላት ታናሽ እህቷን ሠርካለምን ነው፤ አዲስ አበባ የምትኖረውን፣ አገር ያወቃትን ዘፋኝ። ሠርካለም ግን እናቷ መሞቷን ገና አልሰማችም።

በዚህ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ይመረጣል፤ ጎህ ሳይቀድ ተኪዶ በር ይንኳኳል፤ ሰው ራሱን እንዳይጎዳ ደጋፊ አብሮ ይገባል። አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶችም ለዚሁ ተሰናድተው ነበር። ያስቆመቻቸው ሸዋነሽ ናት። «መርዶው ይቆይ፣ ውሃው ይጉደል» አለቻቸው። ውሃው ሰበብ ነው፤ የፈራችው ሰዎቹን ነው። ሠርካለም ስትደውል ደግሞ እማዬ እግሯን አሟት ወንዛዬ ፍል ውሃ ገብታለች አለቻት። «በዚህ ዝናብ?» ብላ ጠየቀች ሠርካለም። ሸዋነሽ ውሸት አይሆንላትም ነበር፤ ያን ዕለት ግን አፏ እንደ ቅቤ ለሰለሰ።

እናታቸው ገላነሽ የፎገራ ሙሾ አውራጅ ነበረች። እሷ ያላለቀሰችለት ሬሳ በወጉ የተሸኘ አይመስልም ነበር። ጎረቤቷ ማረው በእርሻ ድንበር ከስሷት ዓመት ሙሉ ወረታ ፍርድ ቤት ያመላለሳት ሰው ነው፤ እሱ ሲሞት ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሬሳው ፊት ቆመች፤ ደግነቱን፣ የበሬዎቹን ስም፣ አንድ ክረምት ከጎርፍ ያወጣውን ልጅ ሳይቀር እየጠራች አገሩን አስለቀሰችው። ዘመዶቿ ቢቆጧት «ሬሳ ወገን የለውም» አለቻቸው። ሠርካለም ያን ጊዜ ጀርባዋ ላይ ታዝላ ነበር። ድምፁንም ነገሩንም ከዚያ ይዛው ቀረች።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ትልቅ መድረክ ላይ ሠርካለም ሙዚቃውን አስቁማ ሙሾ አወረደች። በውጊያው የሞቱትን የሁለቱንም ወገን ልጆች በአንድ ትንፋሽ አለቀሰችላቸው። ሲበቃት «ልጆቻችን አለቁ፤ ተኩሱን አቁሙ» አለች። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚች ቃል የመጣ ነው። አንዱ ወገን ከሃዲ አላት፣ ሌላው ተከፋይ አላት፣ የቀረው «ዘፋኝ ከሆንሽ ዝፈኚ፣ ፖለቲካውን ለባለቤቱ ተይው» አላት። ወረታ ላይ ከጎንደሩ መንገድ እስከ ደብረ ታቦሩ መገንጠያ በየባጃጁ ይጮህ የነበረው ዘፈኗ ባንድ ሳምንት ጸጥ አለ።

ገላነሽ ንግግሩን የሰማችው ወረታ፣ በወዳጇ በነጋዴው በአህመዲን ሱቅ ውስጥ፣ በእሱ ስልክ ነው። እስኪያልቅ ዝም ብላ አዳመጠች። «ያለችው እኔ ስል የኖርሁትን ነው» አለች። «እኔን ግን ድንኳን ውስጥ ነው የሚሰሙኝ። እሷን አገር ሰማት።» ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን ራሷ ካልዘጋችው አትተኛም ነበር።

ለሁሉ ያለቀሰችው ገላነሽ ለራሷ አልቃሽ አጣች። እሷ ያስተማረቻቸው ሴቶች ድንኳኑ ውስጥ ነበሩ፤ ነገር ግን አንዷ ጉሮሮዬን ታመምሁ አለች፣ ሌላዋ ዓይኗን ወደ ምሰሶው ጣል አድርጋ አንገቷን ደፋች። ስሟን ቢያነሱ የልጇ ስም ይከተላልና ፈሩ። ሸዋነሽ አልፈረደችባቸውም።

እኩለ ቀን ላይ አህመዲን ከሚስቱ ከዘይነብ ጋር እዝን ይዘው ደረሱ። አህመዲን ሸዋነሽን ከጓሮ ጠርቶ ስልኩን አሳያት። አንዱ ድንኳኑን በስልክ ቀርጾ ለቆታል። «ለአገር አለቅሳለሁ ያለችው ለእናቷ አልመጣችም» የሚል ከላዩ ጽፎበታል። ከሥሩ ስድብ ነው፤ ቢወርዱት ቢወርዱት የማያልቅ ስድብ።

«እህትሽ ሳታየው አትቀርም» አለ አህመዲን።

ሽማግሌ ያላደረሰውን መርዶ ተሳዳቢ አደረሰው። ሸዋነሽ እንዳትመጣ ብላ ያቆየችው መርዶ እህቷን ብቻዋን፣ ያለ ደጋፊ አገኛት። ይህን እያሰበች ሳለ የራሷ ስልክ ጮኸ።

«እታለም» አለች ሠርካለም። «እማዬ ወንዛዬ ናት?»

ሸዋነሽ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«ሰው ሲሰድበኝ ነው የሰማሁ። ነገ ባሕር ዳር እወርዳለሁ።»

«አትምጪ። የማናውቃቸው ሰዎች ድንኳን ገብተው ይጠብቁሻል።»

«ይጠብቁኝ። ሳልቀብራት ቀረሁ፤ አፈሯን እንኳ ሳላይ ልቅር?»

ሸዋነሽ ዞር ብላ አየች። በድንኳኑ ቀዳዳ ሰውየው መብላቱን ትቶ ወደ እሷ ይመለከታል። ቀኝ እጁ ጋቢው ውስጥ ነው።

ገላነሽ ልትሞት ስትል ክርኗን ተደግፋ ቀና ብላ ነበር። «ሠርኬ ደረሰች? በሩን ክፈቱላት» ነው ያለችው። የመጨረሻ ቃሏ ይኸው ነው፤ አህመዲንም አጠገቧ ሆኖ ሰምቶታል።

«እማዬ ተናዝዛለች» አለች ሸዋነሽ። «ለቅሶዬ ላይ ብትቆም፣ አፈሬን ብትረግጥ አጥንቴ ይውጋት ብላ ነው የሞተች።»



«እማዬ? ስለ ተናገርሁት?»

«አዎ። አፍራብሽ ነበር።»

ስልኩ ተዘጋ። አህመዲን ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ዘይነብ የሸዋነሽን ክንድ ያዘች።

ሸዋነሽ ድንኳን ገብታ ቆመች። «እህቴ አትመጣም» አለች ሁሉም እንዲሰማ። «እናቴ እንዳትመጣ በኑዛዜ ከልክላታለች።» ድንኳኑ አጉረመረመ። አንዳንዱ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ፤ አንዷ ባልቴት ፊቷን አዞረች። ለጠላቷ ያለቀሰችው ገላነሽ ከዛሬ ጀምሮ ልጇን ረግማ የሞተች ሴት ሆና ልትነሳ ነው። ሸዋነሽ ይህን አወቀችው፤ አውቃም ቃሏን አልመለሰችም።

ሰውየው ጋቢውን ሰብስቦ ተነሳ። «እናትስ እንዲህ ናት» አለ። ሦስቱም «ነፍስ ይማር» ብለው ወደ ውሃው ወረዱ። ይመለሱ አይመለሱ ማንም አያውቅም።

ወደ ማምሻው አክስቷ ከማዶ ቀበሌ ቀሚሷ እንደራሰ ደረሰች። አልቅሳ ስታበቃ ከሸዋነሽ ጎን፣ በታናሽ ልጅ ቦታ፣ ባዶውን ሰሌን አይታ ልትቀመጥ ጎንበስ አለች። ሸዋነሽ መዳፏን ዘርግታ ባዶው ቦታ ላይ አኖረች።

«ሰው አለበት» አለቻት።