ወደ ቁስቋም የዞረው ዲሽ

ላይ ግራር ከማክሰኝት በላይ ያለ የደጋ መንደር ነው። ሰማዩ ጠርቶ በዋለ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ለሚቆም ሰው ጎንደር ከተማ፣ ከከተማውም ወዲያ የቁስቋም ዛፎች ጠቁረው ይታያሉ። የስልክ ኔትወርክ ግን ላይ ግራር ደርሶ አያውቅም።

ያ ጉብታ ምን እንደሚጠቅም ያሰበችው ቤዛዊት ናት። አለበልና ሚስቱ ውዴ ከወለዷቸው ልጆች የቀረችላቸው እሷ ብቻ ነበረች። ጎንደር ተምራ እዚያው ኮምፒዩተር ጥገና ቤት ተቀጠረች፤ የምትኖረውም ቁስቋም፣ ከወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ግቢ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ነበር። አንድ ጊዜ ለፋሲካ አገሯ መጥታ እድርተኛውን ሰበሰበችና፣

"እኔ ካለሁበት ቤት ጣራ ላይ አንድ ዲሽ እሰቅላለሁ፤ እዚህ ጉብታ ላይ ደግሞ ሌላ ይቆማል። ሁለቱ ፊት ለፊት ከተያዩ ኢንተርኔቱ ይመጣል። እናንተ ምሰሶውን አቁሙልኝ እንጂ ሌላው አያስቸግርም" አለቻቸው።

የላይ ሰፈሩም የታች ሰፈሩም ወጣ። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ፣ ግንዱ በትከሻ ተጭኖ ዳገቱን ወጣ፣ ጉድጓዱ ተቆፈረ። ሶላሩና ባትሪው ለጉብታው ቅርብ በሆነው በላይ ሰፈሩ ሰው በገብረ ኪዳን ቤት ተቀመጠ። የእድሩም አንድ ስልክ ከዚያው ሆነ፤ ስልክ የሌለው እየመጣ በተራው ይነጋገርበታል። መተማ ለአረም ሥራ የወረደ ልጅ ያላት እናት የልጇን ፊት አየች። የታመመ በሬ ፎቶ ተነሥቶ ለከብት ሐኪም ተላከ። ውዴ ደግሞ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እዚያው ትቀመጥና ከቤዛዊት ጋር ስትሳሳቅ ትውል ነበር።

ጠቡ የመጣው ቆይቶ ነው። የታች ሰፈሩ ሰው ምናለ አንድ ሰንበት ከደጀ ሰላሙ ተነሣና፣

"ግንዱን እኛም ተሸክመናል። ምነው ታዲያ ዋይፋዩ ወደ እኛ የማይወርድ? መብራቱ የሚበራው ለገብረ ኪዳን ቤት፣ ስልኩ ያለው ከገብረ ኪዳን ጓዳ! የእድር ነው ወይስ የሰውዬው?" አለ።

"ደጄ ገበያ ሆኖ፣ አጥሬ ተረጋግጦ፣ ደግሞ ልሰደብ?" አለ ገብረ ኪዳን።

ቃል ቃልን እያነሣ ዱላ ተመዘዘ። በሦስተኛው ሰንበት ሰው ሊፈነካከት ሲል የእድሩ ዳኛ አለበል መሐል ገብቶ ፈረደ። የማን እንደሆነ እስኪስማሙ ድረስ ዲሹ ወርዶ፣ ሶላሩም ባትሪውም ስልኩም ከድንኳኑና ከድስቱ ጋር በእድሩ ዕቃ ቤት ይቆለፍ አለ። ቁልፉን እራሱ ያዘ።

"ልጄን ነው የቆለፍክብኝ" አለችው ውዴ የዚያን ዕለት።

"ተይ እንጂ! የኔ ልጅ ስላለችበት ብዬ ፍርድ ባጣምም ሰው ምን ይለኛል? ለሰኔ ይስማማሉ።"

ለሰኔ አልተስማሙም። ክረምቱ ገባ። ጸጥታው ደፍርሶ መንገዱም ተዘጋ፤ ከማክሰኝት ማኪና ቀረ፣ እግረኛም ፈራ። ውዴ ውሃ ስትቀዳም እንጨት ስትለቅምም በዕቃ ቤቱ በኩል ትዞር ጀመር። ባሏን ግን ዳግመኛ አልጠየቀችውም። እሱም አንድ ሁለቴ ቁልፉን ይዞ እስከ በሩ ሄዷል። ምናለና ገብረ ኪዳን ሳይታረቁ ቢከፍት ለልጁ ሲል አደረገው እንዳይባል እየፈራ ተመለሰ።

መንገዱ በተከፈተ ሳምንት፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ አለበል የማያውቃቸው ሰዎች ጋቢያቸውን አገልድመው ከደጁ ቆመው አገኛቸው። ከኋላቸው የላይ ግራር ሽማግሌዎች ነበሩ። ውዴ ሰዎቹን እንዳየች ነጠላዋን ከራሷ ላይ ጣለችና መሬት ላይ ተቀመጠች።

ቤዛዊት ሞታ፣ ተቀብራ፣ አርባዋ ሊወጣ ተቃርቦ ነበር።

ጎንደር ወርደው ቁስቋም ሲደርሱ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል መቃብሩን አሳዩአቸው። አፈሩ በዝናብ ረግቶ ሣር አብቅሏል። ውዴ ሣሩን ዳሰሰችው እንጂ አልነቀለችውም።

"ትኩሳት ጀመራት" አሉ ወይዘሮዋ። "ሐኪም ቤት አስገባናት፤ ሕመሙ ጭንቅላቷ ላይ ወጣ። መልእክት ስትሰድድ፣ ስትደውል፣ አልመልስ ሲላት መልሳ ስትደውል ነው የከረመችው። ሰው እንዳንልክ መንገድ የለም። እናቴ አንድ ጊዜ ብታየኝ ትል ነበር።"

"ማን ቀበራት?" ብሎ አለበል ጠየቀ።

"እድሩ ነዋ! ሰፈሩ በሙሉ ወጣ።"

"የእናንተ እድርተኛ አልነበረችም እኮ።"

"ምን ይላሉ አያ አለበል? ልጅ ሞታ ይቺ የማን ናት ተብሎ ይጠየቃል?" አሉ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል፤ ነገሩ ግራ ገብቷቸው።

ያን ቃል የተናገሩት እሱን ሊወቅሱ ብለው አልነበረም፤ ስለ ቁልፉ የሚያውቁት ነገር የለም። አለበል ግን ጎንበስ አለ። ሌላው ሰው ለቅሶ መሰለው። ቃሉ የት እንደወጋው ውዴ ብቻ አየች፤ አይታም ፊቷን አዞረች።

አገራቸው ተመልሰው ለቅሶ ደራሹ ሲቀንስ አለበል እድሩን ሰበሰበ። ቁልፉን ከፊታቸው አስቀመጠ።

"ዳኝነቱን ውሰዱልኝ" አለ። "እኔ የማን ነው እያልኩ ስፈርድ ከረምኩ። ሰው ሲሞት ድንኳኑ የማን ነው እንላለን? የላዩም የታቹም ሲጠለልበት ነው የምናውቀው። ይኼም እንደዚያ ነበረ። የቀረኝን ልጅ በገዛ እጄ..."

ምናለ ቁልፉ ላይ ዓይኑን ተክሎ ተቀመጠ። ገብረ ኪዳንም አንገቱን እንደደፋ ቀረ። ያን ቀን ስለ ዲሹ የተወሰነ ነገር የለም። በማግስቱ ግን ሁለቱ ሰዎች ሳይነጋገሩ በክረምቱ የወደቀውን የሚተካ አንድ ምሰሶ ግራና ቀኝ ይዘው ጉብታውን ሲወጡ ታዩ። ቤዛዊት አብራት ትሠራ የነበረች ልጅ፣ ፋሲካ የምትባል፣ ከጎንደር መጥታ ዲሹን አቆመችላቸው። ባትሪውና ስልኩ ከዕቃ ቤቱ ወጥቶ፣ ወደ ገብረ ኪዳን ቤት ሳይመለስ፣ ለሁሉም በሚሆን ቦታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለችው ጎጆ ተደረገ። ለታች ሰፈሩም ሌላ ምሰሶ ተቆረጠ።

የዲሹ መብራት በርታ ኢንተርኔቱ እንደመጣ የእድሩ ስልክ ይጮህ ጀመር። ክረምቱን ሙሉ መግቢያ አጥቶ የቆየ መልእክት ነበር፤ በቴሌግራም የተላከ የቤዛዊት ድምፅ። ጎጆዋ ውስጥ የነበረው ሰው አንድ ባንድ ወጣ። ውዴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ብቻዋን ቀረች። ስትወጣ ዓይኗ አብጦ ነበር።

"ምን አለች?" አላት አለበል።

"ገብተህ ስማ።"

አልገባም። ስልኩ የሚሰማው በተራ ነው፤ እሱም በየእሁዱ መጥቶ ይሰለፋል። ተራው ሲደርስ ግን ከኋላው ያለችውን እናት ወይም ሽማግሌ፣ "ግቡ፣ እኔ እቆያለሁ" ይላል። አንዷ ከመተማ ልጇ ጋር ስትሥቅ ውጭ ሆኖ ይሰማል። ሕዳር እንዲህ እያለ አለፈ።

በታኅሣሥ አንድ እሁድ ብርዱ ጠንክሮ ሰው አልወጣም። ከፊቱም ከኋላውም ማንም አልነበረም። ውዴ ከበሩ ብቅ ብላ አየችው።

"ና" አለችው። ከዚያ ክረምት ወዲህ በዚያ የድሮ ድምፅ ጠርታው አታውቅም ነበር።

ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። እሷ ነካ አድርጋ ስልኩን ሰጠችው። ድምፁ ደክሟል፤ ግን የቤዛዊት ነው።

"አባባ፣ ምነው ጠፋችሁ? ነፋስ ዲሹን አዙሮት ይሆናል፤ እኔ ነኝ በደንብ ያላሰርኩት። ወደ ቁስቋም፣ ትንሽ ወደ ግራ አድርጉት። አያ ምናለንም ይቅር በለን በልልኝ፤ ዋይፋዩን ወደ ታች ሰፈር ሳላደርስላቸው አመመኝ። ሲሻለኝ መጥቼ አስተካክለዋለሁ። አይዞህ፣ ሸጋ ነኝ።"

ድምፁ አለቀ። አለበል ስልኩን ከጆሮው አላወረደም፤ የሚቀጥል መስሎት ጠበቀ። ከዚያ ያለቅስ ጀመር። ውዴ ለመሄድ አልተነሣች፤ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ከጎኑ ተቀመጠች።